የወንበሩ እግር ላይ ያለው ቀዳዳ

ዛሬ የምነግራችሁ እውነት ነው። እውነት ስላችሁ ደግሞ ገበያ ላይ እንደሚዞረው እውነት አይደለም፤ የተበጠረ፣ የተነጠረ፣ በዚህ እጄ የዳሰስኩት እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ ይህ ምላሴ እዚሁ ይተሳሰር። መጽሐፉ አትማሉ ይላል፤ ባይል ኖሮ እምልላችሁ ነበር። ስለዚህ አልማልኩም፤ እናንተ ግን እንደማለ ሰው ቁጠሩኝ።

አሁን ሁላችሁም ወደዚህ እዩ። ከኋላዬ ያለውን ወንበር ታዩታላችሁ? አዎ፣ ይሄን። ሰባኪ የሚቀመጥበትን። እኔ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመምጣቴ በፊት እዚሁ የነበረውን። ጋሽ ሣህሌና የንብረት ኮሚቴው «አርጅቷል፤ ይውጣ» ብለው ወስነዋል። በሚመጣው ሳምንት በቦታው ወርቃማ ሶፋ ይገባል። ስፖንጁ ሰው የሚውጥ ሶፋ! አንድ እሑድ ሰባኪ ተቀምጦበት ብታጡት እኔን እንዳትጠይቁኝ። ጋሽ ሣህሌ፣ አይቆጡኝ፤ ውሳኔውን አልተቃወምኩም። ወንበሩ ከመውጣቱ በፊት ታሪኩ ይውጣ ነው ያልኩት።

ከፊት ያላችሁ እስቲ ጎንበስ በሉ። የፊተኛውን የግራ እግር እዩ። ቀዳዳ አለ አይደል? የሚገባበት ነገር የሌለ፣ ባዶ ቀዳዳ። ስንት ሰባኪ እዚህ ተቀምጧል! ከዚያ ሁሉ ሰባኪ መካከል ጎንበስ ብሎ «ይህ ቀዳዳ ለምን ባዶ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ አለ? አንድም የለም። እኔ ጠየቅሁ። ጠይቄም ደረስኩበት።

ይህ ወንበር የእንግሊዝ አገር ወንበር ነው።

ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ። ስትጨርሱ እደግመዋለሁ። ይህ ወንበር የእንግሊዝ አገር ወንበር ነው! እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እኮ እንግሊዝን አውቃታለሁ። ለንደን ደርሻለሁ። ምቀኞች «አውሮፕላን ሲቀይር ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አልወጣም» ይላሉ። እና? አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ጅማ ነው? እዚያ ቁጭ ብዬ በመስኮት ያየሁትን፣ ሌላው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮባት አያየውም። የቀረውን አንብቤያለሁ፤ ያልተነበበውን ደግሞ ማስተዋል ሞልቶልኛል።

ስለዚያ አገር የቤት ዕቃ ሠሪዎች ልንገራችሁ። በድሮ ዘመን በአንድ ቤት ውስጥ ወንበር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቤቱ ጌታ። ሌላው አግዳሚ ላይ፣ ሣጥን ላይ፣ ጉቶ ላይ ይቀመጣል። ወንበር ማለት ሥልጣን ነዋ! እኛስ ብንሆን «ሊቀ መንበር» ስንል ምን ማለታችን ነው? የወንበር አለቃ! የቆሎ ተማሪ መምህሩ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይላል። ስለዚህ በዚህ ነገር እኛና እንግሊዞች ዘመድ ነን። እንዲያውም ከእኛ የወሰዱት ይመስለኛል፤ ግን አልጨምርም ብያለሁ፣ አልጨምርም።

በኋላ ታዲያ በአንድ ጫካማ አገር ያሉ አናጢዎች ተነሡና ወንበርን የሁሉ አደረጉት። የገበሬው፣ የጫማ ሰፊው፣ የመበለቷ። እንዴት አደረጉት? ሥራውን ተካፈሉት። አንዱ መቀመጫውን ይጠርባል። ሌላው መደገፊያውን በእንፋሎት ያጎብጣል። ሌላው ይገጣጥማል። አንዱ ደግሞ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ እግር ብቻ ይሠራል። ዕድሜ ልኩን እግር!

እንግዲህ አንድ ሰው ነበር። እግር ሠሪ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ምክንያቱም ታሪኩ ሁሉ ስለዚያ ስም ነው።

ይህ ሰው ጫካው ውስጥ ዳስ ጥሎ ይውላል። እንጨቱን የሚያሽከረክርበት ቶርኖው በኤሌክትሪክ አይደለም። ቀጭን ዛፍ ያጎብጥና ጫፉ ላይ ገመድ ያስራል፤ ገመዱን የሚሠራው እንጨት ላይ ይጠመጥምና ከታች በእግሩ ይረግጣል። ሲረግጥ እንጨቱ ይሽከረከራል፤ ሲለቅ ዛፉ ገመዱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። እየረገጠ በመሮ ይልጣል፣ እየረገጠ ይልጣል። አስተዋላችሁ? በእግሩ እግር ይሠራል! አሜን በሉ እንጂ፣ ይሄ እኮ ብቻውን ስብከት ይሆናል።

የእነዚህ ሰዎች ብልሃት ምን መሰላችሁ? ወንበራቸው ውስጥ ምስማር የለም። እግሩን ከእርጥብ እንጨት ይሠሩታል። እግርና እግርን የሚያያይዘውን አግዳሚ ግን ከደረቅ። ከዚያ ደረቁን እርጥቡ ውስጥ ይሰኩታል። እርጥቡ ሲደርቅ ምን ይሆናል? ይኮማተራል። ሲኮማተርስ? ደረቁን ጨምድዶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ዝሆን ቢጎትተው አይወጣም! ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ ይህን ሌላ ቀን ለብቻችሁ እሰብክላችኋለሁ፤ ዛሬ እርስ በርስ አትተያዩ።

የዚህ ሰው እግር ደግሞ የተለየ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ሁሉ እንጨት ነው፤ እግር መባል የተጀመረው ከእሱ በኋላ ነው። ድመት ብትታከከው ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ያን ያህል ለስላሳ። ነገር ግን አንድ ነገር ያንገበግበዋል። ወንበሩ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከመቀመጫው ሥር ማኅተም ይመታበታል። የማን ስም? የወርክሾፑ ጌታ ስም። የእግር ሠሪውስ ስም? የትም።

አንድ ቀን እግሮቹን በጋሪ ጭኖ ወደ ከተማ ወረደና ጌትየው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን ፈለግህ?»

«እግሩ ላይ ስሜን ልጻፍበት። ትንሽ አድርጌ። ከውስጥ በኩል።»

ጌትየው ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እግር ያነባል እንዴ? ወንበር የሚገዛ ሰው እግሩን መቼ ያያል?»

«ሲሰበር ያያል» አለ እግር ሠሪው።

ኧረ አጨብጭቡለት! ይህን መልስ የሰጠ ሰው ነው እንግዲህ ስም የተነፈገው።

በዚያው ሰሞን ንጉሡ በከተማው ሊያልፉ ነው ተባለ። በዚያ ከተማ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ፣ እኛ ለሙሽራ በአበባና በፊኛ የምንሠራውን ቅስት በወንበር ነው የሚሠሩት። ወንበር በወንበር ላይ ይደረድራሉ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያስነሡና ከላይ ያገናኙታል። እንግዳው ከሥር ያልፋል። ስንት ወንበር ነው? ሺህ። ሺህ ነው ያልኩት? ሁለት ሺህ። ርግቦች እንኳ ከፍታውን አይተው በጎን ነው የሚያልፉት።

ጌትየው እግር ሠሪውን አስጠራው። «የቅስቱ የታችኛው ረድፍ የእኛ ወንበሮች ናቸው፤ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። እግሩን አንተ ሥራልኝ። ንጉሡ እስኪያልፉ ቅስቱ ከቆመ፣ ስምህን በጋለ ብረት ሁሉም እግር ላይ አትምልሃለሁ። ከወደቀ ግን በዚህ ከተማ አንዲት እንጨት የሚገዛህ አታገኝም።»

ሰማችሁ? በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል የዕለት እንጀራ። ሰውየው ሁለቱንም በአንድ ቅስት ላይ ሰቀለ።

ሠራ። እንዴት እንደሠራ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ጨመረ ትሉኛላችሁ። ግን አንድ ስህተት ሠራ። እግር ሠሪ ብቻ የሚሠራው ስህተት። ወንበርም እንደ ሰው የግራና የቀኝ እግር አለው። አግዳሚው የሚገባበት ቀዳዳ የግራው ወደ ቀኝ ያያል፣ የቀኙ ወደ ግራ ያያል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሰውየው ግን ደስታው በዝቶ፣ ስሙ በፊደል እየታየው፣ የግራውን እግር እንደ ቀኝ አድርጎ በሳው። ወደ ውስጥ ማየት የነበረበት ቀዳዳ ወደ ውጭ አየ።

እርጥብ እንጨቱ አልቆበታል። ቀኑ ደርሷል። ምን ያድርግ? በዚያው እግር ላይ ሌላ ቀዳዳ ወደ ውስጥ በሳ፤ ገጣጣሚዎቹም ተቀብለው ገጠሙት። አንድ እግር፣ ሁለት ቀዳዳ። አንዱ ሥራ አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ ያያል። እናም ያ እግር፣ ወገኖቼ፣ ያ እግር ይሄ ነው! ይሄ ከኋላዬ ያለው!

ምን አልክ፣ ወንድም ሉቃስ? ተነሥና ጮክ ብለህ በለው፤ ይስሙህ።

«መሰርሰሪያ ክብ ነው የሚበሳው። ይሄ ቀዳዳ አራት ማዕዘን ነው።»

አያችሁት? አናጢ ጉባኤ ውስጥ ካለ ሰባኪ አያርፍም! ሉቃስዬ፣ አናጢ መሆንህን እናውቃለን፤ የሠራኸው የመጸዳጃ ቤት በር እስካሁን እንደማይዘጋም እናውቃለን። ሰውየው መጀመሪያ በመሰርሰሪያ በሳው፣ ከዚያ በመሮ አሰፋው፤ አለቀ። ተቀመጥ። እትዬ ትርንጎ፣ እርስዎም ሳቁ? እኚህ እናት ሳይቀሩ ሳቁብኝ! ይሁን፣ እርስዎ ይሳቁ፤ በየእሑዱ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ይህን ወንበር በነጠላዎ ጫፍ የሚወለውሉት እርስዎ ነዎት። ሰባኪ ማክበር ማለት እንዲህ ነው። ተማሩ!

ወደ ሰውየው እንመለስ። ቀኑ ደረሰ። ከተማው ሁሉ ወጥቷል፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። እግር ሠሪው መጥቶ ቅስቱን አየ። ደረቱ ተነፋ። ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ መቀመጫ፣ ያ ሁሉ መደገፊያ በማን ላይ ቆሟል? በእሱ እግር ላይ! «ንጉሥ በእኔ እግር መካከል ያልፋል» አለ በልቡ። ወደ ታች ሲያይ ግን ያ ወንበር ጥጉ ላይ ነው። ከሁሉ በታች። ከባዶው ቀዳዳ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል። እያየው ስንጥቁ ትንሽ ሄደ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብትጮኹ ቅስቱ ይፈርሳል፣ ስማችሁ ይቀራል፣ እንጀራችሁም ይቀራል። ዝም ብትሉ የሰው ልጅ ላይ ይወድቃል። ምን ታደርጉ ነበር? ፌስቡክ ላይ ትጽፉ ነበር!

እሱ ግን ሮጠ። ሕዝቡን ገፍቶ ገባ፣ ተንበረከከ፣ ትከሻውን ከወንበሩ ሥር ሰደደ። የተሰነጠቀውን እግር ተክቶ እግር ሆነ። ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ ወደ መንገዱ እጅ ይነሣል፤ እሱ ፊቱን ወደ ወንበሩ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ ጎንብሷል። ንጉሡ ሲደርሱ ከዚህ ሰው የታያቸው መቀመጫው ብቻ ነው። የወንበሩን መቀመጫ አላልኩም።

ሠረገላው ቆመ።

«ይህ ጀርባውን የሰጠኝ ማነው?» አሉ ንጉሡ። «ስሙ ማን ይባላል?»

ተመልከቱ! ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። አንድ ሰው ስሙን እንዲጠይቀው ነበር የፈለገው፤ ንጉሥ ጠየቀው! ስሙ ምላሱ ላይ ነው። ግን እንዴት ይናገር? ትንፋሹን ውጦ ነው የተሸከመው። አንዲት ትንፋሽ ቢያወጣ ትከሻው ይላላል፤ ትከሻው ቢላላ ሁለት ሺህ ወንበር ይወርዳል። ሦስት ሺህ ነው ያልኩት?

ንጉሡ ወደ ጌትየው ዘወር አሉ። «አንተስ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፣ ግርማዊ ሆይ።»

ዶሮ ሲጮኽ አልተሰማችሁም? እኔ ግን ይሰማኛል። ንጉሡ ትከሻቸውን ነቅንቀው አለፉ። ሠረገላው አለፈ፣ ፈረሰኛው አለፈ፣ ሕዝቡ እየጮኸ አለፈ። ቅስቱም ቆመ። ከላይ አውርደው እስኪጨርሱ ድረስ ያ ሰው ከሥር አልወጣም።

በኋላ ጌትየው መጣ። «ሥራህን አልነካም፤ ቅስቱ ቆሟል» አለው። «ስምህን ግን አላትምም። ለንጉሥ ጀርባውን የሰጠ ሰው ስም በእኔ ወንበር ላይ አይወጣም። አሁን ይህን እግር ጠግንና ቀዳዳውን ድፈንልኝ፤ ያሳፍራል።»

«እጠግነዋለሁ» አለ እግር ሠሪው። «ቀዳዳውን ግን አልደፍነውም።»

«ለምን?»

«እርስዎ ማኅተምዎን ይምቱ። የእኔ ስም ይሄ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ‹ይህ ለምን ባዶ ሆነ?› ብሎ ይጠይቃል። ያን ቀን ተጠራሁ ማለት ነው።»

ጎንበስ ብሎ የጠየቀው ማነው? እንግሊዛዊ ነው? አይደለም! ይህን ወንበር አንድ ሚስዮናዊ በመርከብ፣ በባቡር፣ በበቅሎ ተሸክሞ ሰበታ ድረስ አመጣው፤ የሰበታ ሰባኪ ጎንበስ ብሎ ጠየቀ። በዚህ ብኮራ ይፈረድብኛል? እናንተም ኩሩ! ንጉሥ ጠይቆ ያላገኘው ነገር እዚህ ቆርቆሮ ሥር ነው ያለው።

አሁን ግን ወንበሩን ተዉትና ወደ ራሳችሁ ተመለሱ። የተቀመጣችሁት በማን ላይ ነው?

አንተ ወንድሜ፣ ጋውን ለብሰህ የተነሣኸውን ፎቶ ሳሎን ሰቅለሃል። ጥሩ ነው። አንተ እንድትማር ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ሰው ቤት የገባችው እህትህ ፎቶ የት አለ? አንቺ እህቴ፣ ሱቅሽ በር ላይ ስምሽ በትልቁ ተጽፏል። ልጆችሽን ያሳደገችልሽ የባልሽ እናትስ? ስሟን ልጆችሽ ያውቁታል ወይስ «አያዬ» ብቻ ነው የሚሏት? ማይክ የሚይዘውን ዘማሪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው ስሙ ማነው? እጅ አውጡ። ይኸው! አንድም እጅ የለም። እሱ ግን ከውጭ ሆኖ እየሰማን ነው።

በየቤታችሁ ባዶ ቀዳዳ አለ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ነቅሎ ሰጥቷችሁ ባዶ የቀረ ቦታ አለ። አትድፈኑት! ቀለም አትቀቡት! ጎንበስ በሉና ጠይቁ። አንድ ቀን ሳትጠይቁ ታወጡታላችሁ፤ በሶፋም ትተኩታላችሁ።

ጋሽ ሣህሌ፣ አውጡት። ይውጣ። እኔ ራሴ አንዱን ጎን ይዤ አግዛለሁ። ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እነዚህን እግሮች የሠራውን ሰው ስም ንጉሡ አላወቁትም። እንግሊዝ አላወቀችውም። እኔም፣ እኔ እንኳ፣ አላገኘሁትም። እዚህ መካከል ስሙን የሚያውቅ አለ? አለ ወይ የሚያውቅ? ያለ እንደሆነ ይነሣና ይናገር፤ እኔ ከዚህ እወርዳለሁ!

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ማነው? እትዬ ትርንጎ? ዝም በሉ እስቲ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ይሰማ። ይናገሩ እናቴ።

«አጥናፉ ነው።»

ማን አጥናፉ?

«ባለቤቴ ነዋ፣ ልጄ፤ አንተ አልደረስክበትም። ይህ ቤት ገና ዳስ ሳለ እንግዳ ሰባኪ ሊመጣ ነው ተባለና የሚቀመጥበት ጠፋ። አጥናፉ አልጋችንን ገለበጠና አራቱንም እግር ቆረጠው። የተጋባን ጊዜ የሠራው አልጋ ነው፤ ዋንዛ ነው እንጨቱ። ቀዳዳው የአልጋው አግዳሚ ይገባበት የነበረው ነው፤ ለዚህ ነው አራት ማዕዘን የሆነው። የሌሎቹ እግሮች ቀዳዳ ለወንበሩ አግዳሚ ዋለ፤ ይሄኛው ተረፈ። እንግሊዝን እኔ እንጃ፤ አጥናፉ ከሰበታ ራቀ ከተባለ እስከ ወሊሶ ነው።»

አልጋውስ፣ እትዬ?

«አልጋውማ እስከ ዛሬ ብሎኬት ላይ ነው። ኑና እዩት።»